ሐሙሲትን አልፈልግም

መንደሬ ቁሐር ሚካኤል ላለ ሰው እኔን ማናዬን አፍ የላትም ብትሉት በሳቅ ይፈርስ ነበር። ላም ስጠራ ድምፄ ከማሳው ማዶ ይሰማል። ከእናቴ ከገላነሽ ጋር የተከራከርኩ እንደሆነ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ያዳምጠናል። አባቴ ማረው ከእርሻ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ «እስቲ የዋለውን ንገሪኝ» ይለኛል፤ እኔም ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛዋ ጥጃ ገመድ በጥሳ እንደጠፋች፣ ወንዙ የት ድረስ እንደሞላ አንድም ሳላስቀር እተርክለታለሁ። «የኔ ነጋሪት» ነበር የሚለኝ።

ያቺው ነጋሪት ወረታ ሄዳ ትምህርት ቤት የገባች ዕለት ድምጿ ጠፋ።

ዘመኑ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መስከረም ነው። ሜዳው ገና ውሃውን አልጠጣም ነበርና አባቴ በደንገል ታንኳ እስከ ደረቁ መሬት አሻገረኝ፤ ከዚያ በትከሻው ተሸክሞ ወረታ ከታላቅ እህቱ፣ ከአክስቴ ከአማከለች ቤት አደረሰኝ። የአክስቴ ቤት ከመኪናው መንገድ ዳር ነው። ንግሥቲ የምትባል የኔ እኩያ ልጅ አለቻት። ንግሥቲ ብቻዬን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ እግሯን ስለተከለች ነው እኔ የተፈለግሁት። እንግዲህ የተማርኩት በሰው ግትርነት ነው ማለት ነው።

አስተማሪያችን ጸሐይነሽ የሚባሉ፣ ከጎንደር የመጡ ወጣት ሴት ነበሩ። እትዬ ጸሐይነሽ እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ስም ጠሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ «አቤት» ይላል። እኔ ይህን ቃል ሳልለው የዋልኩበት ቀን የለም። ያን ዕለት ግን ስሜ ሲጠራ ከጉሮሮዬ ሥር አንድ ነገር ተነሥቶ መንገዱን ወተፈው። ደግመው ጠሩኝ። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ንግሥቲ «አለች፣ ይቺ ናት» ብላ ስለኔ መለሰች። ከኋላ አበረ የሚባል ልጅ «ዲዳ ናት እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አይደለሁም ልለው ፈለግሁ፤ እሱንም ማለት አቃተኝ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። የትምህርት ቤቱን አጥር ስሻገር አፌ ይዘጋል፤ የአክስቴን ደጃፍ ስረግጥ ይከፈታል። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ወሬ እዚያው ቆሜ ስዘረግፈው አክስቴ «ንግሥቲ ውሸታም ናት፤ ይቺ ልጅ ናት ዝም የምትለው?» ትላለች።

አንድ ጠዋት እትዬ ጸሐይነሽ ግንባራቸውን ይዘው ገቡ። ጩኸታችን ራሳቸውን እንዳሳመማቸው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ የተጠራ ሰው እጁን ብቻ እንዲያወጣ ነገሩን። በጣም አሳዘኑኝ። ማታ ለአክስቴ ብነግራት ጤና አዳም ቀንጥሳ ላከችላቸው፤ እሳቸውም አሽትተው «ተሻለኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ራሳቸውን አሟቸው አያውቅም። ይህን ያወቅሁት እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ ጎንደር ቤታቸው እየተመላለስኩ መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጤና አዳሙን ስናስታውስ እስኪያስላቸው ነበር የሚስቁት።

ለገና ዕረፍት ቁሐር ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እናቴ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይዛኝ ወረደች። ሙቁ ውሃ ውስጥ አስገብታ አናቴን እያሸች ትጸልያለች፤ እኔ ደግሞ አጠገባችን ከሚታጠቡት ሴቶች ጋር ወሬ ይዣለሁ። አንዷ ጉልበቷን የሚያማት ሴት «ልጅቷ ምን ሆና መጣች?» ብላ ጠየቀች። እናቴ «መናገር አቅቷት» ብትላት ማን ያምናታል?

ከጥምቀት በኋላ አባቴ ለገበያ ወረታ መጣ። ከአክስቴ ጋር ሲያወሩ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ በቃል የማይመልስ ልጅ ክፍል አያልፍም ማለታቸውን አክስቴ ነገረችው። አባቴም «እስከ ሰኔ ልያት። ካልሆነላት እወስዳታለሁ። ለሐሙሲቱ ለካሴ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የማናዬን?» አለችው።

«የማናዬን» አላት።

ያኔ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። አባቴ የኔን ቃል ሐሙሲት ላለ ካሴ ለሚባል ሰው ሰጥቶብኛል። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ቃል የማጣው። ለአክስቴ ቤት የምትበቃ ጥቂት ቀርታልኛለች፤ ዋናው ግን ሐሙሲት ነው ያለው። በአባቴ አልተቀየምኩም፤ የጠየቀውን ሰው እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው፣ ዘርም በሬም ያውሳል። ሐሙሲትን ግን አምርሬ ጠላሁት። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር «ይኸው ወደዚያ ሌባ አገር» እላለሁ በልቤ።

ልጅነት ነው። አባቴ የሰጠው ቃል የጋብቻ ቃል ነበር። ለአቶ ካሴ ልጅ ታጭቻለሁ፤ የፊት ጥርሴ ገና ወልቆ አልበቀለም።

የዚያኑ ሰሞን እትዬ ጸሐይነሽ ከትምህርት በኋላ አክስቴ ቤት መምጣት ጀመሩ። ወረታ ዘመድ እንደሌላቸው፣ ቅልሞሽ መጫወት እንደናፈቃቸው ለአክስቴ ነገሯት። አክስቴ አስተማሪን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነውር ሆኖባት በርጩማ ይዛ ተከተለቻቸው፤ እሳቸው ግን ቀሚሳቸውን ሰብስበው አቧራው ላይ ተቀመጡ። ከንግሥቲ ጋር ጠጠር እየወረወሩ ሲጫወቱ ለኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። አንድም ጊዜ ዞር ብለው አላዩኝም፤ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ሲመጡ ሰላም ይላሉ፤ ሲሄዱ ደህና እደሩ ይላሉ። የኔን መልስ አይጠብቁም።

እንዴት ያለ ብቸኛ ሰው ነው ስል አሰብኩ። ደግሞም ጨዋታው አይሆንላቸውም፤ ጠጠሩ ከእጃቸው ያመልጣል፣ ተራቸውን ይረሳሉ። አዘንኩላቸውና ቀስ በቀስ እየቀረብኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ከንግሥቲ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ጎኗ። ከዚያ ተራ ደረሰኝ። ለንግሥቲ በጆሮዋ ሹክ የምላት ነገር እሳቸው እንደማይሰሙት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ራሳቸውን እንደሚያማቸው ሁሉ ጆሯቸውም ደካማ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ።

አንድ ቀን ወደ ላይ የወረወሯት ጠጠር ከመዳፋቸው ጫፍ ነጥራ ወደቀች። እሳቸው ቶሎ አፈስ አደረጓትና «ያዝኳት» አሉ። ንግሥቲ አላየችም። እኔ አይቻለሁ። ማጭበርበር ነው፤ ያውም የትልቅ ሰው ማጭበርበር። ከመናደዴ የተነሣ ሳላስበው «አልተያዘችም» አልኩ።

ንግሥቲ ዓይኗ ፈጠጠ። እትዬ ጸሐይነሽ ቀና እንኳ አላሉም። ጠጠሮቹን ወደኔ ገፋ አደረጉና «እሺ፣ ተራሽ ነው» ብለው ልብሳቸውን አራገፉ። ያን ዕለት ቶሎ ተነሥተው ሄዱ። ስላሸነፍኳቸው የተቀየሙ መሰለኝ። ለካስ መንገዱ ታጠፍ እስኪል ታግሠው፣ ከዚያ አንድ አጥር ተደግፈው አልቅሰዋል። ይህንንም የነገሩኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ወደ ትምህርት ቤት ዞረ። ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ በባዶው ክፍል ውስጥ ድብብቆሽ እንጫወታለን፤ ንግሥቲ፣ እኔና እሳቸው ብቻ። በሩ ዝግ ነው። እሳቸው ሰሌዳው ላይ ተደፍተው ዓይናቸውን ይሸፍኑና «ኩኩሉ» ይላሉ። እኛ ከአግዳሚው ሥር እንገባለን። ንግሥቲ «አልነጋም» ትላለች። አንድ ቀን ንግሥቲን ሳል ያዛትና መልስ ጠፋ። እሳቸው «ኩኩሉ» ይላሉ፤ መልስ የለም። ካልመለስን ዓይናቸውን ገልጠው ሊያገኙን ነው። ከአግዳሚው ሥር፣ ማንም በማያየኝ ጨለማ ውስጥ «አልነጋም» አልኩ። ድምፄ በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስልኝ ሰማሁት። የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ግን አልከፋኝም።

በቀጣዮቹ ቀናት በሩ ገርበብ ብሎ መገኘት ጀመረ። መዝጊያው የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ በጭራሽ ክፍት ሆነ። ከዚያ አበረ፣ ያ ዲዳ ናት ያለኝ ልጅ፣ ክፍል ሊጠርግ ነው ተብሎ ሳንጠራው መጣና ከኛ ጋር ተደበቀ። በማግስቱ ሌላ ልጅ። እትዬ ጸሐይነሽ ሲጫወቱ ሰው ማብዛት የሚወዱ፣ በር መዝጋት የሚረሱ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳስበው በሩን በስንት ቀን በስንት ስንዝር እንደከፈቱት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንድ ከሰዓት ዳይሬክተሩ በዚያ ሲያልፉ «አልነጋም» ስል ሰሙኝ። ደስ ብሏቸው ገቡና እጃቸውን አጨበጨቡ። ጎበዝ፣ ብራቮ፣ ይኸው ተናገርሽ፣ እስቲ ድገሚው እያሉ ከአግዳሚው ሥር አወጡኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ፊታቸው ሁሉ በርቶ ነበር። እኔ ግን ያ ጉሮሮዬ ሥር የሚነሣው ነገር ተመልሶ መጣብኝ። እትዬ ጸሐይነሽ ዳይሬክተሩን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ከበሩ ወዲያ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

«እባክዎ፣ አያመስግኗት» አሉ። «እንዳልሰማ ይሁኑልኝ።»

ልቤ ተሰበረ። ስመሰገን የሚከፋቸው ሰው ናቸው ማለት ነው። ጨዋታውን ትቼ ቤት ዋልኩ፤ ትምህርት ቤትም እንደ መስከረሙ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፣ አልለመኑኝም። የክፍሉን በር ዘግተው ከንግሥቲ ጋር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። ንግሥቲ ማታ ማታ የጨዋታውን ወሬ ስትነግረኝ ቅናት አንጀቴን በላው። ከትንሣኤ በፊት ተመልሼ ከአግዳሚው ሥር ነበርኩ።

ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ቀን እትዬ ጸሐይነሽን ስጠይቃቸው ታናሽ ወንድማቸውን አነሡልኝ። እሱም እንደኔ ከቤት ውጭ ድምፅ የሌለው ልጅ ነበር። ከተጫዋች ልጆች ጋር ሆኖ አንዲት ቃል ቢያመልጠው ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ድገም ድገም አለው፤ በዚያው ዘጋ፤ ከትምህርትም ቀረ። «አንቺን ሳይ እሱን አየሁ። ሁለተኛ አይደገምም አልኩ» አሉኝ።

ግንቦት ላይ እንቆቅልሽ መጣ። መላው ክፍል ተቀምጦ አንድ ልጅ ይጠይቃል፤ ሌላው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ» ይላል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የኔ ድምፅ ምን ይታወቃል? እኔም አብሬ እላለሁ። መልሱ የጠፋ እንደሆነ ጠያቂው «አገር ስጡኝ» ይላል፤ አገር ይሰጠዋል። ካልወደደው አልፈልግም ብሎ ሌላ ያስመርጣል፤ ሲወድ ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። እኔም ከዕለታት አንድ ቀን፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ቆሜ ጠየቅሁ። ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም «ምን አውቅልሽ» አሉና ጨዋታው ቀጠለ። እትዬ ጸሐይነሽ አስቀድመው እንዴት አድርገው እንደመከሯቸው እንጃ፤ የዚያ ክፍል ልጆች እስከ ዛሬ ያኮሩኛል።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሾላ ሥር አግዳሚ ተደርድሮ የወረታ ሰው ሞላ። አባቴ ነጭ ለብሶ መጣ። አጠገቡ ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ እንግዳ ሰው ተቀምጠዋል። አክስቴ «አቶ ካሴ ናቸው፣ የሐሙሲቱ» ስትል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ቃሌን የወሰዱት ሰውዬ ናቸው።

አቶ ካሴ ለምን እንደመጡ ያወቅሁት ብዙ ቆይቶ ከእናቴ ነው። ለልጅህ ያጨሃት ልጅ ዲዳ ናት ብለው ሐሙሲት ድረስ ወሬ አድርሰውላቸዋል። አባቴ ደግሞ ተናዶ «መጥተህ በጆሮህ ስማት» ብሏቸዋል። ብናገር ጤነኛ ነኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ እዳራለሁ። ዝም ብል አባቴ በሰው ፊት ይዋረዳል። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። እትዬ ጸሐይነሽ ያወቁ እንደሆን ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ወሬ ቀየሩብኝ፤ እኔም መጠየቄን ተውኩ።

የኛ ክፍል ተራ ሲደርስ ልጆች እየተነሡ የየወላጆቻቸውን ፊት እያዩ እንቆቅልሽ ጠየቁ። ካልፈለግሽ ተቀመጪ ተብያለሁ። እትዬ ጸሐይነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ መንገዱ ያያሉ። ንግሥቲ ጠይቃ ስትቀመጥ እግሬ ራሱ አነሣኝ።

የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። ጉሮሮዬ ሥር ያ ነገር ተንቀሳቀሰ። አባቴን አየሁት፤ ሁለት እጁን በዱላው አናት ላይ ደራርቦ፣ እንደዚያ እግሩን ሲታጠብ እንደሚያዳምጠኝ ጆሮውን ወደኔ አዘንብሏል።

«እንቆቅልህ፣ አባ» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ» አለ አባቴ።

«በክረምት በታንኳ እንሄድባታለን፤ በበጋ በበሬ እናርሳታለን። ምን ናት?»

አባቴ ወደ መሬት አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አላወቅሁትም» አለ።

አፈርኩለት። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር በሰው ፊት ያጣል? «እንግዲያው አገር ስጠኝ» አልኩት።

አባቴ ወደ ጎኑ፣ ወደ እንግዳው ሰው፣ ፈገግ አለ። እንግዳን ማክበር ነው። «ሐሙሲትን ሰጠሁሽ።»

«ሐሙሲትን አልፈልግም» አልኩ።

ቁሐር ላም እንደምጠራበት ድምፅ ነው ያልኩት፤ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው አዩን። በአግዳሚዎቹ ላይ የነበረው ሳቅ ድንገት ተቆረጠ። አክስቴ ነጠላዋን በአፏ ያዘች። እኔ ለጨዋታው ነው የማስበው፤ ያን የቃል ሌባ አገር ማን ይወስዳል? ትልልቆቹ ግን ሌላ ነገር ሰምተዋል። አንዲት ሕፃን በአማቿ ፊት ቆማ አልፈልግም አለች፤ እነሱ የሰሙት ይህንን ነው። አቶ ካሴ አባቴን አዩት። ሰው ሁሉ አባቴን አየው።

አባቴ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ያኔ ሌላ የሚሰጠው አገር የጠፋው መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያ ጎንደርን ሰጠሁሽ» አለ።

ጎንደር የእትዬ ጸሐይነሽ አገር ነው። «ተቀብያለሁ» አልኩ፣ እንደ ጨዋታው ወግም ጎንደር ገብቼ በልቼ ጠጥቼ ተሸልሜ ተመለስኩ። ከዚያ «መልሱ ያባቴ ማሳ ነው፣ ቁሐር ያለው» ብዬ ተቀመጥኩ። እትዬ ጸሐይነሽ አሁንም ጀርባቸውን እንደሰጡ ነው፤ ትከሻቸው ግን ይርገፈገፋል።

በዓሉ ሲያልቅ አቶ ካሴ በቅሏቸውን ይዘው ቆመው «ማረው፣ ልጅህ ዲዳ ናት ብለውኝ ነበር» አሉት።

«ሰማሃት» አለ አባቴ።

«ሰማኋት። እኔን ነው የመለሰችኝ።»

«እሷ አልፈልግም ያለችውን እኔ አልሰጥህም፣ ካሴ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሽማግሌ ሰድጄ እክስሃለሁ።»

በዚያ ዘመን ቃል ሰጥቶ ማፍረስ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ላለ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አባቴ ሰርግና ለቅሶ ላይ ሲታማ ከረመ። ጥሩ ጊደር ነድቶ ከሽማግሌዎች ጋር ሐሙሲት ወረደ፤ አቶ ካሴ እርቁን እስኪቀበሉ ብዙ ወራት ፈጀ። ከተቀበሉ በኋላ ግን የትም ሲገናኙ «ያቺ አፍ ያላት ልጅህ ደህና ናት?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። አባቴም ቀና ብሎ «ደህና ናት» ይላቸዋል።

ወረታ ያለውን ትምህርት ስጨርስ በእውነት ጎንደር ሄድኩ። አባቴ መንገድ ዳር ቆሞ የጭነት መኪና አስቆመልኝና ሾፌሩን «ልጄ ናት፤ እስክትደርስ ታወራልሃለች፣ ታገሣት» አለው። አስተማሪ ሆኜ፣ በሰው በተሞላ አዳራሽ ቆሜ ተናግሬ፣ ዝም የሚሉ ልጆች ሲገጥሙኝም ወለል ላይ ተቀምጬ ተሸንፌላቸዋለሁ።

አባቴ ካረጀ በኋላ፣ ዓይኑ ደክሞ ቤት በዋለበት ዘመን፣ አንድ ቀን ቁሐር ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ስለዚያ የወላጆች በዓል አወራን። ስንት ዓመት በሆዴ የቆየውን ጠየቅሁት።

«አባ፣ ያን እንቆቅልሽ እውነት አላወቅኸውም ነበር?»

«የገዛ ማሳዬን?» አለ።

«ታዲያ ለምን አልመለስክልኝም?»

ጆሮውን ወደኔ አዘነበለ።

«ብመልስልሽ ትቀመጪ ነበራ» አለኝ።